ከውሻዎ ጋር በልብ ሲግባቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከውሻ አጠገብ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሰማውን በልብ ለማድመጥ መሞከር በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ልምምድ ሆኗል፤ እንጀራቸው ያደረጉትም አሉ። ሐሳብ ከውሻ አእምሮ ወደ ሰው አእምሮ ይተላለፋል የሚለውን እኔ አልቀበለውም። ዝምታው ግን ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ «ሂድ!» እና «ዝም በል!» ብቻ የምንለውን እንስሳ ለአንድ አፍታ ረጋ ብለን እናየዋለን። ይህን ጥቅም የሚያሳጡ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የራስን ስሜት የውሻው ማድረግ

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ልጇን ውጭ አገር የሸኘች እናት በውሻው ዓይን ውስጥ ናፍቆት ታያለች። ውሻው በእርግጥ ልጁን ናፍቆ ይሆናል፤ የቤቱ ጭርታ ከብዶት፣ ወይም ራቱ ዘግይቶበትም ይሆናል። ዓይኑን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም።

በዚያ ላይ እኛ እንስሳውን እናነባለን ስንል እሱ እኛን እያነበበ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ሒሳብ ሲጠየቅ መልሱን መሬት በኮቴው እየመታ ይቆጥር ነበር፤ አገር ጉድ አለ። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ፈረሱን ፈትኖ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1907 አሳወቀ፦ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ካላየ፣ ሃንስም አያውቅም። ቆጠራው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰዎች ሳይታወቃቸው ጭንቅላታቸውን ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፤ ፈረሱ የሚያቆመው ያን አይቶ ነው። ባለቤቱ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ከልቡ ያምን ነበር።

እርስዎም ፊትዎን አጥቁረው፣ በሐዘን ድምፅ «ምን ሆንክብኝ?» ቢሉት ውሻዎ አንገቱን ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፦ «ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል፣ ምግቡን አልጨረሰም፣ በር በሩን ያያል»። ግምቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ግምትዎን ሳይናገሩ ሌላ የቤት ሰው እንዲያየውና የመሰለውን እንዲነግርዎት ቢያደርጉ ደግሞ የበለጠ ይተማመኑበታል።

«ጥፋቱን አውቋል» ማለት

ጫማ ተበልቶ ሲገኝ ውሻው ይሽቆጠቆጣል፤ እኛም ተጸጸተ እንላለን። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ የተከለከለውን ምግብ ሳይነኩ ባለቤቶቻቸው የተቆጧቸው ውሾችም ያንኑ የጥፋተኛ ፊት አሳይተዋል። ፊቱን ያመጣው ቁጣው ነው። ከሰዓታት በኋላ መቅጣት፣ ጭራሽ መምታት፣ እርስዎን እንዲፈራ ከማድረግ በቀር ምንም አያስተምረውም።

አፍጥጦ ማየትና ማቀፍ

ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ውሻና ባለቤቱ በፍቅር ሲተያዩ ከፍቅርና ከመቀራረብ ጋር የሚያያዘው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ ይጨምራል። ይህ ግን ለሚያምንዎት ውሻ ነው። ለማያውቅዎት ውሻ ዓይን ዓይኑን ማየት ዛቻ ነው። ሲያዩት ወይም ሲያቅፉት ሳይደክመው ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ወይም የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ከታየ «ተወኝ» እያለዎት ነው፤ ይተዉት። ጎንዎን ሰጥተው ይቀመጡና እሱ ይምጣ። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ የግቢ ውሻ ከሆነ ደግሞ እንደታሰረ አይሞክሩት። መሸሻ የሌለው እንስሳ መልሱ በጥርሱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የግቢውን በር ዘግተው የሚያምነው ሰው ይፍታው።

ጭራውን ከቆላ ደስ ብሎታል ብሎ መደምደም

ከወገቡ ጀምሮ እየተወዛወዘ ከሆነ፣ አዎ። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ከሆነ ግን እጅዎን አይዘርጉ።

በሽታን እንደ ስሜት መተርጎም

«ከፍቶታል» የምንለው ውሻ አሞት ሊሆን ይችላል። መብላት ካቆመ፣ ሲነኩት ከጮኸ፣ ደረጃ መውጣት ካስጠላው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ፎቶውን አይቶ በስልክ «ውሻህ እንዲህ ይላል» ለሚል ሰው የሚከፍሉት ገንዘብ ለምርመራው ይሁን።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታን አለማወቅ ነው። ገራሙ ውሻ በድንገት ከተቆጣ፣ ወይም ቁጡው ያለወትሮው ከለዘበ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አጠገቡ አይቀመጡ። «አጥንት ተቀርቅሮበት ነው» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ከነከሰዎት ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ ከተጀመረ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሄዱ ከሆነ ክትባቱን ከጀመሩ በኋላ ይሁን።