በግሩፕ የመጣ ወሬ ሼር ከመደረጉ በፊት እንዴት ይጣራል?

በግሩፕ የሚዞር ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ከአንድ እውነተኛ ነገር ተነስቶ በየመንገዱ እየተራገፈ ይመጣል፦ ፎቶው የተነሳበት ቀን ይጠፋል፣ ቁጥሩ ከምን እንደተሰላ ይረሳል፣ ቀልዱም ቀልድነቱን የሚነግር ሰው ያጣል። የማጣራት ሥራው የተራገፈውን ፈልጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ለብዙው ወሬ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ መልእክቱ እንዴት እንደደረሰ እዩ። ዋትስአፕ ላይ ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ካለው ከመጀመሪያው ላኪ ተነስቶ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተላልፏል ማለት ነው። እ.አ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ ነው ፎርዋርድ ማድረግ የሚቻለው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ የለጠፈ ሰው ግን ምልክቱን አጥፍቶታል። ስለዚህ ምልክቱ ካለ ተጠንቀቁ፤ ከሌለ ግን ምንም አልተረጋገጠም።

ፎቶ ከሆነ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ይፈለጋል፤ ሁለቱም ፎቶ ሲጫንባቸው ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንደወጣ የሚፈልጉ ናቸው። ብዙ ሰው ፎቶውን እንዳለ ጭኖ ምንም ሲያጣ ይተወዋል፤ ስህተቱ እዚያ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን ቁረጡ፦ ቀይ ቀስቱ፣ ከላይ የተጻፈው ጽሑፍ፣ የቻናሉ ሎጎ ሁሉ ይውጣ፤ ፍለጋውን የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው። አሁንም ካልተገኘ ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ አሳሳቾች ፍለጋን ለማምለጥ እንደ መስታወት ይገለብጡታል። በሰሌዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ተገልብጦ ከታየ ጉዳዩ ያኔውኑ ታወቀ። ሦስተኛው ሙከራ ከፎቶው አንድ ነገር ብቻ ለይቶ መፈለግ ነው፦ ሕንፃ፣ ድልድይ፣ የተራራ ጫፍ።

ቲንአይ ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ እንዲደረድር ማዘዝ ይቻላል። በጣም የቆየው ቅጂ የግድ የመጀመሪያው ነው ማለት አይደለም፤ ግን ፎቶው ተፈጸመ ከተባለው ቀን በፊት ከታየ ክርክሩ አለቀ። በጎርፍ በተጥለቀለቀ አውራ ጎዳና ላይ የሚዋኘውን ሻርክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እ.አ.አ. በ2011 በአይሪን አውሎ ነፋስ ጊዜ ፖርቶ ሪኮ ነው ተባለ፤ በ2017 ደግሞ ያው ሻርክ፣ ያው መንገድ፣ ሂዩስተን ሆነ። ሻርኩ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር እሱም ይመጣል።

ቪዲዮ ከሆነ ትዕይንቱ በሚቀየርባቸው ሦስት አራት ቦታዎች አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና እያንዳንዱን እንደ ፎቶ ፈልጉ። የደበዘዘ ምስል ጊዜ ማባከን ነው። በፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጠው የቀንና የቦታ መረጃም ብዙ አትድከሙ፤ ዋትስአፕ ፎቶውን ሲያሳንሰው መረጃውንም ያራግፈዋል፣ የምታዩት ቀን እናንተ የተቀበላችሁበት ነው። በኤአይ የተሠራ ምስል ደግሞ የቆየ ቅጂ ላይኖረው ስለሚችል ፍለጋው ባዶ ቢመጣ እውነት ነው ማለት አይደለም። በምስሉ ያሉትን ሰዎች ጣት ቆጥሮ የኤአይን ስህተት መያዝ ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን ግን አያስተማምንም። የሚሻለው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከተፈጸመ፣ ከሌላ አቅጣጫ ያነሳው ሌላ ሰው የታለ?

ስክሪንሾትን እንደ ማስረጃ አትቀበሉ። ለምን እንደሆነ ለማየት ኮምፒዩተር ላይ የፈለጋችሁትን ድረ ገጽ ክፈቱ፣ አንድ ርዕስ ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጋችሁ ኢንስፔክት የሚለውን ምረጡ፣ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ ያሻችሁን ጻፉበት። ገጹ በእናንተ ስክሪን ላይ ብቻ ይቀየራል፤ ፎቶ ካነሳችሁት ግን ከእውነተኛው አይለይም፣ የፊደሉ ዓይነት እንኳ ያው ነው። ፎቶሾፕ መቻል አያስፈልግም። አንድ ባለሥልጣን "እንዲህ ብሎ ጻፈ" የሚል ስክሪንሾት ሲመጣ ሊንኩን ጠይቁ፣ ወደ ገጹ ራሱ ሂዱ። "አጥፍቶታል እኮ" ከተባለ የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ የገጹን አድራሻ አስገብታችሁ የዚያን ቀን ቅጂ ፈልጉ። ሁሉም ነገር እዚያ የለም፤ ሎግኢን የሚጠይቁ ገጾች ብዙ ጊዜ አይቀመጡም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ቁጥር ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ወሬው ሊሳሳት ይችላል። እ.አ.አ. በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ (እንደ ቋሊማ ያለ) መብላት የአንጀት ካንሰርን ስጋት በ18 በመቶ እንደሚጨምር አስታወቀ። ወሬው ሲዞር "ከ100 ሰው 18ቱ ይያዛሉ" ሆነ። ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት፦ ሥጋውን ከማይበሉ 100 ሰዎች በዕድሜያቸው 5ቱ ይያዛሉ እንበል፤ የ5 18 በመቶ 0.9 ነው፤ ስለዚህ ከሚበሉት 100 ሰዎች የሚያዙት ወደ 6 ይጠጋሉ። አንድ ሰው ጨመረ ማለት ነው። ቀላል ነው ለማለት አይደለም፣ ግን ከ18 ጋር አይገናኝም። "ጨመረ" የሚል መቶኛ ባያችሁ ቁጥር "ከስንት ተነስቶ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መነሻው ካልተጻፈ ቁጥሩን አትድገሙት።

ያው ኤጀንሲ ሥጋውን ከሲጋራ ጋር በአንድ ምድብ ስላስቀመጠው "ሥጋና ሲጋራ እኩል ይገድላሉ" የሚልም ወጣ። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን አይለካም።

"ጥናት አረጋገጠ" የሚል ዜና ሲመጣ የጥናቱን ርዕስ ፈልጋችሁ አጭር ማጠቃለያውን ብቻ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይገኛል። በማን ላይ ተሠራ፣ በአይጥ ነው፣ በሰው ነው ወይስ በላቦራቶሪ ሴል? ስንት ናቸው? ከማን ጋር ተነጻጸሩ? ጽሑፉ የተገኘው አርካይቭ ወይም ሜድአርካይቭ በሚባሉት የጥናት ድረ ገጾች ላይ ከሆነ ፕሪፕሪንት ነው፣ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም። ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ "ተረጋገጠ" የሚለው ቃል ግን አይገባውም።

ፖለቲካ ውስጥ ያው ነገር በሕዝብ አስተያየት መልክ ይመጣል። በዕጣ በተመረጡ 1,000 ሰዎች የተሠራ መለኪያ ወደላይም ወደታችም 3 ነጥብ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ 48 ለ46 ከሆነ ማን እንደሚመራ አልታወቀም። በአንድ ቻናል ላይ 50,000 ሰው የሰጠው ድምፅ ደግሞ ቁጥሩ ቢገዝፍም የቻናሉን ተከታዮች እንጂ ሕዝቡን አይነግርም። ከ10 በመቶ ወደ 12 በመቶ የወጣ ነገርም በአንዱ አፍ "2 ነጥብ ጨመረ"፣ በሌላው "20 በመቶ ዘለለ" ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ተናጋሪው የሚመርጠው ግን በአጋጣሚ አይደለም።

ቀልድ በጽሑፍ ሲሆን ድምፅም ፊትም የለውም። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ስኮት ፋልማን እ.አ.አ. በ1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ነጥብ የተሠራውን ፈገግታ :-) ያቀረበው፣ አንባቢው ቀልዱን ከቁም ነገር እንዲለይ ብሎ ነው። ይህም ሁልጊዜ አይበቃም። በ2012 ዘ ኦኒየን የተባለው የቀልድ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን መሪ ኪም ጆንግ ኡንን የዓመቱ ማራኪ ወንድ ብሎ ሲመርጥ የቻይናው ፒፕልስ ዴይሊ ድረ ገጽ ቁም ነገር መስሎት 55 ፎቶ ጨምሮ አወጣው። አንድ ዜና ለማመን በጣም ከጣፈጠ የገጹን "ስለ እኛ" የሚለውን ክፍልና የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች እዩ።

እርማት ስትጽፉ አጭር ይሁን፣ ከእውነቱ ጀምሩ፦ "ፎቶው 2011 ላይም ወጥቶ ነበር፣ ሊንኩ ይኸው።" "እንዴት ይህን ታምናለህ?" የሚለው ከተጨመረ ሰውየው ሊንኩን ሳይከፍት ራሱን ወደ መከላከል ይገባል። ላኪው የምታከብሩት ትልቅ ሰው ከሆነ መጀመሪያ በግል ጻፉለት፤ ራሱ ቢያርመው ግሩፑም ይበልጥ ይሰማዋል። ተሳስታችሁ ያጋራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ዝም ብላችሁ አታጥፉት፣ እዚያው ሥር መልስ አድርጋችሁ እርማቱን ጻፉ። ዋትስአፕ መልእክትን ለ15 ደቂቃ ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ማስተካከያው ግን ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገውን ቅጂ አይነካም፣ ስለዚህ ወደ ላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ እርማቱን ለየብቻ ላኩ።