ኮረብታማ ማሳን በማለዳ ፎቶ ማንሳት

የማለዳ ፎቶ የሚወሰነው በዋዜማው ነው። ቀን ሄደው ቦታውን ይዩ፤ የፀሐይን አቅጣጫ በሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ነገ ከየት እንደምትወጣ ይወቁ። የሚቆሙበትን ከፍታ የሚመርጡት ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ማለትም ሌንሱ ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ ያህል ዞሮ እንዲያይ አድርገው ነው። ፀሐይ ከጀርባዎ ከሆነች ጥላው ሁሉ ከጉብታዎቹ ኋላ ይደበቅና ኮረብታው ልሙጥ ይመስላል። ከጎን ስትመታው ግን የእያንዳንዱ ጉብታ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠቁራል፤ ትልሙ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጉም ከፈለጉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ያልነካውን ሌሊት ይጠብቁ፤ ቀን ዝናብ ጥሎ ከነበረ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ስለሚተኛ ከላይ ሆነው ያንሱ። ውስጡ ከገቡ ከነጭ ግድግዳ ሌላ አያገኙም።

ፀሐይ ከመውጣቷ 1 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በድንበሩ ላይ እንጂ በሰብሉ ውስጥ አይሂዱ፤ ባለቤቱንም አስቀድመው ያስፈቅዱ። የታረሰ አፈር ስለሚሰምጥ የትራይፖዱን (የካሜራ መቆሚያውን) እግሮች ተጭነው ያጽኑ፤ የመሃሉን ዘንግ አያስረዝሙ።

ብዙ ሰው ሰፊ ሌንስ ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ኮረብታውን ያሳንስና ፎቶውን በባዶ ሰማይ ይሞላዋል። ሩቁን የሚያቀርብ የ70–200 ሚሊሜትር ሌንስ ይሻላል፤ ሸንተረሮቹን አቀራርቦ ይደራርባቸዋል።

በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል)፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ይጀምሩ፤ ከኤፍ 16 በላይ ምስሉ መለስለስ ይጀምራል። የነጭ ሚዛኑን (የቀለሙን ሙቀት የሚወስነውን ቅንብር) 5500 ኬልቪን ላይ ያስሩት፤ አውቶማቲክ ከተተወ የንጋቱን ወርቃማ ቀለም ያደበዝዘዋል። ትኩረቱን በስክሪኑ አጉልተው በእጅ ያስተካክሉ፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያንሱ። ነፋስ ተነሥቶ እሸቱ ከተወዛወዘ ግን አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርገው ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ቢያንስ ወደ 1/125 ሰከንድ ያፍጥኑ፤ ትራይፖድ የሚያቆመው ካሜራውን እንጂ ስንዴውን አይደለም።

ካሜራው ጉምን ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር ተጋላጭነቱን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ይጨምሩ፤ 1 ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ሰማዩ ከመሬቱ እጅግ ከበራ በ2 ስቶፕ ልዩነት ሦስት ፎቶ ያንሱና በኋላ ያዋህዱ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ይዩ፤ በጨለማ ስክሪኑ ከእውነቱ በላይ ብሩህ ሆኖ ያታልላል።

ጤዛ ሌንሱ ላይ ሳይታወቅ ያርፍና ፎቶውን ሁሉ ያደበዝዛል፤ የሌንስ ኮፍያ (ክዳኑን ሳይሆን በሌንሱ ጠርዝ ዙሪያ የሚገጠመውን ከለላ) ይግጠሙ፣ በየጥቂት ደቂቃው በባትሪ መብራት ይፈትሹ፣ ደረቅ ጨርቅ አይለይዎ። ትርፍ ባትሪውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያሙቁት፤ ብርድ ቶሎ ያደክመዋል።

ሲመለሱ የቀዘቀዘውን ካሜራ ሞቃት ክፍል ውስጥ ወዲያው ካወጡት ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ካርዱን ደጅ ሳሉ ያውጡና ቦርሳውን ዘግተው 2 ሰዓት ያህል ያቆዩት።