ዝርዝር ሲቀየር ድርግም እንዳይል

የባሕር ዳር–ዘጌ ጀልባ ሰዓት የሚያሳይ ገጽ ላይ ተጠቃሚው «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ሲጫን የጠዋቱ ዝርዝር ድንገት ጠፍቶ ሌላው ድቅን ይላል፤ ምኑ እንደተቀየረ ዓይን አይይዘውም። ዝርዝሩን የሚቀይረውን የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ለ«ዶክዩመንት.ስታርትቪውትራንዚሽን» (document.startViewTransition)፣ ማለትም ለብራውዘሩ የገጽ ሽግግር ትዕዛዝ ስጡት፣ በቃ አንድ መስመር ነው። ብራውዘሩ የድሮውን ገጽ ምስል አንስቶ ይይዛል፣ ፈንክሽናችሁን ያስኬዳል፣ ከዚያ አሮጌውን እያደበዘዘ አዲሱን ያወጣል። ካልነካችሁት 0.25 ሰከንድ ይፈጃል፤ እኔ እንዳለ ነው የምተወው።

ትዕዛዙ ቆየት ባለ ስልክ ላይ ላይኖር ስለሚችል መጀመሪያ መኖሩን በ«ኢፍ» (if) አረጋግጡ፤ ከሌለ ዝርዝሩን በቀጥታ ቀይሩ። ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለቀሪ ወንበር ቁጥር፣ አትጠቀሙበት። ሽግግሩ እስኪያልቅ ገጹ ክሊክ አይቀበልም፤ ቲኬት ለመቁረጥ የተጣደፈ ሰው ደጋግሞ ይጫናል።