የዱቄት ወተት ይዘው ከቤት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣ ወይም ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም የሚሄድ ቤተሰብ ሕፃን ካለው፣ ብዙ ጊዜ ወተቱን ከቤት በጥብጦ ሞቅ እንዳለ በፔርሙዝ ይይዛል። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮው ታሽጎ ቢገዛም ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ አይደለም፤ ክሮኖባክተር እና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊገኙበት ይችላሉ። ዱቄቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ አይባዙም፤ ውኃ አግኝተው ለብ ባለ ሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ግን በፍጥነት ይባዛሉ፤ ፔርሙዙም ይህንኑ ሙቀት ጠብቆ ያቆይላቸዋል። ስለዚህ በፔርሙዝ መያዝ ያለበት የፈላው ውኃ ሲሆን፣ ዱቄቱ ለእያንዳንዱ ጡጦ በልኩ ተሰፍሮ፣ ንጹሕና ደረቅ በሆነ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይያዛል።

ውኃውን አስቀድሞ አቀዝቅዞ መያዝም ሌላው ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወተቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ውኃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ዱቄቱ እንዲሟሟ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ባክቴሪያ እንዲሞት ነው፤ ይህም በተለይ ዕድሜያቸው ከ2 ወር በታች ለሆኑና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ እንደሚበዛው የየቤቱ ማንቆርቆሪያ ስለሚመሰክር የታሸገ ውኃ የሚመርጡ አሉ፤ እሱም ቢሆን መፍላት አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦውን ክዳኑ እንደተዘጋ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ መበጥበጥ ግን ራስንም ሕፃኑንም ለቃጠሎ መዳረግ ነው።

የግድ ከቤት በጥብጦ መሄድ ካስፈለገ፣ ወተቱ ወዲያው በርዶ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ በረዶ ባለበት ሳጥን ይያዛል፤ ከፍሪጅ በወጣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥም መጠጣት አለበት። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ይህችን ጊዜ «ትንሽ ብትጨምር ምን አለ» ማለት አይገባም።

ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈውን ለመልስ ጉዞ ማስቀመጥ ደግሞ ከቁጠባ የሚመጣ ስህተት ነው። የወተቱ ዋጋ ስለሚታወቅ አያት «ይህን ያህል ወተት ይደፋል እንዴ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን የሕፃኑ ምራቅ አንዴ ከገባበት ትርፉ መደፋት አለበት። ለመቆጠብ ቀድሞውንም ጥቂት መበጥበጥ ይሻላል እንጂ ውኃ አብዝቶ ማቅጠን አይደለም፤ የቀጠነ ወተት የሕፃኑን ምግብ ከመቀነሱም በላይ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። የአንዱን ቆርቆሮ መስፈሪያ ለሌላው መጠቀምም ልኩን ያዛባል።

ቆርቆሮውን መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ የተለመደ ነው። የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ለሰው ይበቃ ይሆናል፤ መስኮቱ ለተዘጋ መኪና ግን አይበቃም። የተከፈተ ቆርቆሮ እርጥበት እንዳያገኘው ከፍሪጅ ውጭ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ አብዛኞቹ አምራቾች በአንድ ወር ውስጥ እንዲያልቅ ስለሚያዝዙ፣ የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ መጻፍ ይጠቅማል።