ትንሽ የማህበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ድርጅት አመቱን እንዴት ያቅዳል፣ ብሩንስ ከየት ያመጣል? (ጎጃም ላሉ)

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ ወይ ሞጣ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ቤታቸው ድረስ እየሄዳችሁ የምትረዱ ከሆነ (ማህበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የምንለው ይሄን ነው) አመቱን ስታቅዱ የአገራችንን ወቅት እያያችሁ ይሁን። እኛ በመጀመሪያው አመት ከሌላ ቦታ የመጣ ፎርማት ገልብጠን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቤት ለቤት ጉብኝት አስገባን፣ ጭቃው ሰራተኞቹን መንገድ ላይ አስቀራቸው፣ ልጆቹም ያለ ፊዚዮቴራፒ ከረሙ፣ ትንሽ ፈታ ብሎ የነበረ እግር ተመልሶ ሲጨመደድ ማየት በጣም ያማል። አሁን ክረምቱን ለስልጠና፣ ለሪፖርትና ለኦዲት ነው የምንጠቀምበት።

መጀመሪያ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና ቆጠራ አድርጉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋን፣ የእድር ዳኛውን፣ የነፍስ አባቶችን ይዛችሁ ግቡ። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ካላችሁ «የለም» ትባላላችሁ፣ ልጁ ግን ጓዳ ነው ያለው። «ለመራመድ፣ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመናገር የሚቸገር ሰው አለ እትየ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያኔ ያወሩላችኋል። በቀዩ አፈር በባዶ እግር እየሄዱ እግራቸው ያበጠባቸውንም መዝግቡ፣ ይሄ በሽታ አይተላለፍም እርግማንም አይደለም፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ብዙ ይረዳል፣ በትንሽ ብር ትልቅ ስራ የሚሰራበት ቦታም ይሄ ነው።

ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ድርጅት የሚወድቀው እዚህ ነው። ለአንድ ሰው የአንድ አመት ወጪ ስንት ነው? ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ህጻን ውሰዱ። በየሳምንቱ ጀሶ ይቀየርለታል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ ከዛ አብዛኞቹ ላይ ከተረከዝ በላይ ያለችው ጅማት በትንሹ ትቆረጣለች፣ ከዛ ደግሞ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ አለ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት በቀን 23 ሰአት፣ ከዛ በኋላ ሲተኛ ብቻ እስከ 4 ወይ 5 አመቱ ድረስ። በጀት ላይ «ጀሶ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አለቀ! 6 ጀሶ ማለት ለእናትየው 6 ደርሶ መልስ ነው፣ ምሳ ነው፣ መኪና ካመለጣት አልቤርጎ ነው፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝላት ሰው ነው፣ ጫማውም ልጁ ባደገ ቁጥር ይቀየራል። እናትየው በሶስተኛው ሳምንት ከቀረች እግሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ያወጣችሁት ብርም አብሮ። ይሄን ሁሉ ጻፉና በቆጠራችሁት ሰው አባዙ፣ እቅዳችሁ እሱ ነው።

የአስተዳደር ወጪን ለብቻ አስቀምጡ። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሰረት ከአመቱ ገቢ 20% መብለጥ የለበትም፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ ሰርቪስ፣ የሂሳብ ሰራተኛ ደሞዝ እዚህ ነው የሚገባው። በክልል ደረጃ የተመዘገባችሁ ከሆነ የክልሉን ህግ ጠይቁ።

አሁን ብሩ። ገበሬው ሐምሌ ላይ ምንም የለውም፣ አትጠይቁት። ጤፉና በቆሎው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ አንድ ቁና እህል እንኳ ቢሆን ደስ ብሎት ይሰጣል፣ ሰብስባችሁ ገበያ ቀን ሽጡትና ደረሰኝ አስቀምጡ። ከተማ ላይ ነጋዴውንና መስሪያ ቤቶችን ለማግኘት የአለም አካል ጉዳተኞች ቀን (ዲሴምበር 3፣ ኅዳር 24 አካባቢ) ጥሩ ነው፣ ደብዳቤውን ጥቅምት ላይ አስገቡ። ውጭ ያሉት ልጆቻችን ለገናና ለጥምቀት ሲመጡ ስፖንሰር ከመጠየቃችሁ በፊት ስራውን ውሰዱና አሳዩአቸው። ሁዳዴ ላይ የእራት ፕሮግራም አታዘጋጁ፣ ግን ሰው ምጽዋት የሚሰጥበት ጊዜ ስለሆነ በየደብሩ ማስነገር ይቻላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እድር ነው፣ ከእያንዳንዱ አባል በወር ትንሽ ብር፣ ትልቅ ለጋሽ ሲቀር ስራውን የሚያቆየው እሱ ነው።

ቴሌብርም ባንክም በድርጅቱ ስም ይሁን፣ በማንም ሰው የግል ስልክ ብር አትቀበሉ። ኔት ሲጠፋ ደግሞ ማህተም ያለው የወረቀት ደረሰኝ ይኑራችሁ። ቶምቦላ ለማዘጋጀት ካሰባችሁ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ሳታወጡ ትኬት አትሽጡ። የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ አትለጥፉ፣ እናቱን ሳታስፈቅዱማ በጭራሽ፣ ልጁ ነገ አድጎ ያየዋል።

በየ3 ወሩ ቁጭ ብላችሁ የታቀደውንና የተሰራውን ጎን ለጎን አስተያዩ፣ የ3 ወር ወጪም ሳትነኩ አስቀምጡ፣ መንገድ ሲዘጋ ጀሶ ላይ ያለ ልጅ መሀል ላይ እንዳይቀር። ሰኔ ላይ ሂሳቡ ሲዘጋ ሪፖርቱን ለመንግስትና ለለጋሽ ብቻ አትላኩ፣ እድሩ በሚሰበሰብበት እሁድ ሄዳችሁ ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ልጅ ተራመደ ብላችሁ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።