የአሮጌ ቤት የእንጨት ክፈፎችን ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአሮጌ ቤት መልክ የሚሰጡት በበርና በመስኮት ዙሪያ የተገጠሙት የእንጨት ክፈፎች፣ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚሄደው ዞኮሎና የደረጃው መደገፊያ ናቸው። አብዛኞቹ ቀስ ብሎ ካደገና የዕድሜ ቀለበቱ ከተጠጋጋ ዛፍ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ዛሬ በገበያ ከሚገኘው ፈጥኖ ያደገ ጣውላ ይልቅ ጠጣር ናቸው። ቅርጻቸውን ያወጣው የመላጊያ ስለትም በጊዜው ለዚያው ሥራ የተሳለ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ቁራጭ ቢጠፋ ትክክለኛ አምሳያውን ገዝቶ መተካት ብዙ ጊዜ አይቻልም። መቶ ዓመት ያህል የእግር ግጭትን፣ ፀሐይንና እርጥበትን ችሎ የቆየ እንጨት፣ በጎ አሳብ ባለው ሰው እጅ በሁለት ቀን ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች በራሴም በሌሎችም ሥራ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ አብዛኞቹም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ከሚያስፈልገው በላይ መላጥ።

ሁሉንም የሚቀድመው ስህተት በእንጨቱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ሳይለዩ ማስለቀቅ መጀመር ነው። ጠቁሮና ደብዝዞ የሚታይ ክፈፍ ብዙ ጊዜ ማብለጫው (እንጨቱ ላይ የተቀባው አንጸባራቂ ሽፋን) አልተበላሸም፤ የሸፈነው የተጋገረ እድፍ፣ የእጅ ቅባት፣ ጥላሸትና ለዓመታት የተደራረበ ሰም ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ለስላሳ ሳሙና በነካና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ፣ ቀጥሎም አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ መጥረግና ከሥሩ የሚወጣውን መመልከት ይገባል። የማብለጫውን ዓይነት ለመለየት ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ ያለ የማይታይ ቦታ እመርጥና ስፒሪት የነካ ጥጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፍበታለሁ። ሸላክ ከሆነ ይለሰልሳል፣ ሲነኩትም ጣት ላይ እንደ ማር ይጣበቃል፣ ጥጡም ቡናማ ይሆናል። ስፒሪቱን ተቋቁሞ በላከር ቲነር ከሟሟ ላከር ነው፤ ሁለቱም ካላሟሙት ደግሞ የዘይት ቫርኒሽ ወይም በኋላ ዘመን የተቀባ ፖሊዩሬቴን መሆኑን መገመት ይቻላል።

ይህ ልዩነት የሥራውን መንገድ ይወስናል። ላክ ከተባለች ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚዘጋጀው ሸላክ፣ ናይትሮሴሉሎስ ላከር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እስኪስፋፋ ድረስ ለቤት ውስጥ እንጨት በስፋት ያገለግል ነበር፤ ከደረቀ ከብዙ ዓመት በኋላም ስፒሪት ሲነካው እንደገና ይፈታል። በመሆኑም ገጹ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ቢገኝ እንኳ፣ ስፒሪት በነከረ ለስላሳ ቡሩሽ በጥንቃቄ ሲዳሰስ ስንጥቁ ተመልሶ ይዋሐዳል። እንዲህ ሊመለስ የሚችለውን ማብለጫ ገፎ መጣል፣ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ያረጀውንና ማንም ቀላቅሎ ሊሠራው የማይችለውን ቀለም ማጣት ነው።

የተቀባ እንጨት ሁሉ ከሥሩ የሚያምር ገጽ ደብቋል ብሎ ማሰብም ሌላው ስህተት ነው። በብዙ ቤቶች የእንግዳ መቀበያው ክፈፍ ከምርጥ እንጨት ሲሠራ፣ የመኝታ ክፍሎቹና የጓዳው ክፈፍ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀለም እንዲቀባ ታስቦ ከርካሽ እንጨት ይሠራ ነበር። ጥርጣሬውን የሚፈታው በማይታይ ቦታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ መስኮት መክፈት ነው፤ ቦታውን በውሃ አርጥቦ፣ ቀለሙን በስለታም ምላጭ ንብርብር በንብርብር እንደ ደረጃ እያነሡ መውረድ። የመጨረሻው ንብርብር እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ከሥሩ ቡናማና አንጸባራቂ ሽፋን ከታየ፣ እንጨቱ በፊት በሸላክ ወይም በቫርኒሽ ያምር ነበር፤ ያ ሽፋንም ቀለሙ ወደ እንጨቱ እንዳይዘልቅ ስለከለከለ ማስለቀቁ ይቀላል። ነጣ ያለው ቀለም በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ አልለቅ ካለ ግን ክፈፉ የተሠራው ለቀለም ነው። እንደዚህ ያለውን እስከ እንጨቱ መላጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ቅርጹን የደፈነውን ወፍራም ቀለም ካሳሱ በኋላ እንደገና መቀባቱ ለቤቱ ታሪክም የቀረበ እድሳት ነው።

ይህች ትንሽ መስኮት እንኳ መከፈት ያለባት ቀለሙ ሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) እንዳለውና እንደሌለው ከተመረመረ በኋላ ነው። ሊድ ያለው ቀለም በጥንካሬው ስለሚመረጥ በተለይ በበር፣ በመስኮትና በክፈፎች ላይ በብዛት ይቀባ ነበር፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ በሌሎች ብዙ አገሮች ክልከላው ከዚያም ዘግይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም ሊባል የሚችል የሊድ መጠን እንደማይታወቅ ያስረዳል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለ የሕፃናት አንጎል ነው። ስለሆነም ምርመራው ሊድ መኖሩን ካሳየ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሥራው ቦታ መራቅ፣ ወለሉ በወፍራም ላስቲክ መሸፈን፣ የሚፋቀውም ቦታ ሁልጊዜ በውሃ መርጠብ አለበት። ተራ የጨርቅ ጭምብል ይህን አቧራ አያቆምም፣ ተራ የአቧራ መጥረጊያ ማሽንም በፊት የሳበውን በኋላው መልሶ ይበትናል፤ የሚያስፈልገው 0.3 ማይክሮን ከሚያህሉ ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ነው። የሥራ ልብስን ከቤተሰብ ልብስ ጋር ማጠብም እንዲሁ መቅረት ይገባዋል።

ቀለምን በእሳት ነበልባል ማቃጠል በምንም ምክንያት አይመከርም። ከክፈፉ ጀርባ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ አቧራና ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ በስንጥቅ በኩል የገባ ሙቀት እዚያ ውስጥ ሳይታይ ለሰዓታት ሊጨስና ሠራተኛው ከሄደ በኋላ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሙቅ አየር መንፊያም ቢሆን ልክ አለው። የአሜሪካ ደንብ ሊድ ባለው ቀለም ላይ ነበልባልንም ሆነ ከ590 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሚሞቅ መንፊያን ይከለክላል፤ በዚያ ሙቀት ሊዱ ራሱ ወደሚተነፈስ ጭስ ይለወጣልና። እኔ መንፊያውን ዝቅ ባለ ሙቀት እያንቀሳቀስኩ፣ ቀለሙ ፊኛ ማውጣት እንደጀመረ በስፓቱላ አነሣዋለሁ፤ ከመስታወት አጠገብ ግን ጨርሶ አልጠቀምበትም፣ ይሰነጥቀዋልና።

የኬሚካል ማስለቀቂያን በተመለከተ ሦስት ነገሮች ይሳሳታሉ። አንደኛው ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ያለበትን ማስለቀቂያ አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል መጠቀም ነው፤ ትነቱ ሰው የሚገድል በመሆኑ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን ማስለቀቂያ ለቤት ተጠቃሚ መሸጥን ከልክላለች። ሁለተኛው ክፈፎቹን ነቅሎ በኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ መንከር ነው። ሶዳው ቀለሙን በእርግጥ ይበላል፤ ነገር ግን ኮላውን ያላቅቃል፣ የእንጨቱን ጭረት (የአሰሩን መስመር) ያስነሣል፣ እንደ ኦክ ያለውን እንጨት ያጠቁራል፣ በጭረቱ ውስጥ የቀረው ቅሪትም ከወራት በኋላ አዲሱን ማብለጫ ያስለቅቃል። ሦስተኛውና በጣም የተለመደው ትዕግሥት ማጣት ነው፤ ማስለቀቂያው በወፍራሙ ተቀብቶ፣ እንዳይደርቅም በላስቲክ ተሸፍኖ መቆየት ሲገባው በአምስት ደቂቃ ውስጥ መፋቅ ይጀመራል፤ ያልለሰለሰውን ቀለም በጉልበት ለማንሣት የሚጫን እጅም እንጨቱን ይቦረቡራል።

ይሁን እንጂ ከኬሚካል ይልቅ ብዙ ክፈፍ ሲያበላሽ ያየሁት የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ነው። በአንድ በር ላይ ከክፈፉ ሰፊ ገጽ ወደ ውስጠኛው ጉብታ የምትወርድ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ እርከን ነበረች። የግራውን ክፈፍ ሥራውን ገና በጀመርኩበት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በማሽን ፋቅሁት፤ የቀኙን ደግሞ ልምድ ያለው አናጺ በእጅ መፋቂያ አጸዳው። ማታ መብራቱ ሲበራ የቀኙ እርከን እንደ ክር የጠራ ጥላ ጣለች፤ የግራው ጠርዝ ግን ዶልዱሞ ብርሃኑ እንደ ሳሙና ተንሸራቶበት አለፈ። የክፈፍ ውበቱ ያ የጥላ መስመር ነው፤ አንዴ ከተከረከመ በምንም ቀለም አይመለስም። በዕድሜ የመጣው የእንጨት ቀለም ራሱ ስስ ሽፋን ስለሆነ ማሽኑ አንዱን ቦታ አንጥቶ ሌላውን አጥቁሮ ይተወዋል። መፍትሔው የቀጭን ብረት መፋቂያን በሞረድ እየሳሉ ከጉብታውና ከቦዩ ቅርጽ ጋር ማስተካከል፣ ለጠባቡ ቦይ የተሳለ የእንጨት ስንጥርና ጠንካራ የናይለን ቡሩሽ መጠቀም ነው። በመጨረሻ ማለስለስ ካስፈለገም፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከተወገደ በኋላ ቁጥሩ ከ120 ያላነሰ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ በእጅ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ መሄድ ይበቃል።

ክፈፉን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይቀላል የሚለው አሳብ ሁልጊዜ አይሠራም። ቤቱ በዘመናት ስለሚሰምጥና ስለሚያዘነብል፣ ከመቃኑ የተነቀለ ክፈፍ ተመልሶ ማዕዘኑ ላይገጥም ይችላል። መንቀሉ ግድ ከሆነ ክፈፉንና ግድግዳውን ያያያዘው ቀለም በቅድሚያ በምላጭ ይቆረጥ፤ ከዚያም ሁለት ስስ ስፓቱላዎችን አስገብቶ በሚስማሮቹ አጠገብ በትንሽ በትንሹ መፈልቀቅ ነው። ሚስማሩን በመዶሻ ወደ ፊት መልሶ ማውጣት የፊቱን ገጽ ይሰነጥቃል፤ በጉጠት ይዞ በጀርባው በኩል ስቦ ማሳለፍ ግን ምንም አይጎዳም። እያንዳንዱ ቁራጭ የየትኛው በር፣ የግራ ወይስ የቀኝ እንደሆነ በጀርባው ላይ ይጻፍ።

የበሰበሰ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ሰዎች ወይ ሙሉውን ክፈፍ ይጥላሉ፣ ወይ በስቱኮ ይደፍኑታል። ሁለቱም ከመደረጋቸው በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ እርጥበቱ ካልቆመ ጥገናው ራሱ ይበሰብሳል። ወስፌ ይዤ ከተበላሸው መሐል ወደ ዳር እየወጋሁ እፈትሻለሁ፤ ወስፌው መስረጉን ሲያቆም ጤናማው እንጨት ተጀምሯል ማለት ነው። እስከዚያ ብቻ ሰያፍ አድርጎ ቆርጦ፣ በዓይነቱም በጭረቱ አቅጣጫም የሚመሳሰል እንጨት በኮላ መቀጠል ይገባል። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል፤ ሰፊ ስቱኮ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ስቱኮ ለሚስማር ቀዳዳ ይሁን።

የብረት ሱፍን ኦክን በመሰለ እንጨት ላይ ከውሃ ጋር መጠቀምም መቅረት አለበት፤ የብረቱ ብናኝ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

ወደ ማብለጫው ሲደረስ፣ ማቅለሚያን በማይታይ ቦታ ሳይሞክሩ መቀባት፣ በተለይ በጥድ ላይ፣ ዝንጉርጉር ገጽ ያስከትላል። ሌላው ስህተት ሰሙ ካልተለየለት ሸላክ ላይ ፖሊዩሬቴን መደረብ ነው፤ ሰሙ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርገው ከጊዜ በኋላ ይላጣል። በእኔ እምነት ሸላክ የነበረበት እንጨት ሸላክ ይገባዋል፤ ነገ ቢጫር ያን ቦታ ብቻ ማደስ ይቻላልና። አንድ ሊትር ስፒሪት ውስጥ 240 ግራም ያህል የሸላክ ፍሌክ (ደረቅ ስስ ቅርፊት) አሟሙቶ፣ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ከተሟሟ ብዙ ወራት ያለፈው ሸላክ አልደርቅ ሊል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ጠብታውን መስታወት ላይ መሞከር ይገባል። ውሃ በሚነካው የመስኮት ደፍ ላይ ግን ሸላክ ስለሚነጣ እዚያ የዘይት ቫርኒሽ ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው ሥራው አልቆ ዕቃ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። በተልባ ዘይት ወይም ዘይት ባለው ማቅለሚያ የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ሲጣል፣ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱም በእጥፋቶቹ መካከል ታፍኖ ማንም ክብሪት ሳይጭር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨርቅ ከቤት ውጭ ለየብቻ ተዘርግቶ ግትር እስኪል ይድረቅ፤ ይህ ካልተቻለም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ።