የነጠፈ ምንጭ እንዴት ይመለሳል? ሥራው የሚጀምረው ከዳገቱ ነው

ምንጭ ሲነጥፍ ሰው ሁሉ የሚረባረበው ምንጩ ላይ ነው። ዓይኑን ይቆፍራል፣ ሲሚንቶ ያመጣል፣ ዙሪያውን ችግኝ ይተክላል። ውሃው ግን መሬት ውስጥ የገባው ከላይ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። እዚያ መስረጉን ካቆመ ታች ያለው ሥራ ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። «ዛፍ ውሃ ያመጣል» የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ዛፍ ውሃ ይጠጣል። በሥሩ ይስባል፣ በቅጠሉ ያተናል። ውለታው ያለው አፈሩ ላይ ነው። ሥሩ መሬቱን ይበሳሳዋል፣ የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፣ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ዝናቡም ይሰርጋል። ሒሳቡ ይሄው ነው፤ ዛፎቹ ካሰረጉት ይልቅ የጠጡት ከበዛ ምንጩ ይከሳል። ያሰረጉት ከበዛ ይጎለብታል።

የአየር ንብረቱ ሲለወጥ ደግሞ ይህ ሒሳብ ይከብዳል። አየር አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በአንዴ ዶፍ ይወርዳል፣ በመሃል ያለው ፀሐይም ይረዝማል። ሲያካፋ የሚያድረውን ዝናብ የተራቆተ መሬትም በመጠኑ ይጠጣዋል። ዶፉን ግን አይችለውም፤ አፈሩን ጭኖ ወንዝ ይገባል።

መጀመሪያ ለኩ

20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ውሃው በአንድ ቱቦ ወይም በአሸንዳ እንዲወርድ አድርጉና ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ያዙ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በ100 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። የምትለኩት በጋው ሲጠና፣ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ይሁን። መስከረም ላይ የማይፈስ ምንጭ የለም፤ እሱን ለክቶ መኩራራት ራስን ማታለል ነው።

ዳገቱን በጣሳ ፈትኑት

የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጉና ክዳኑንም ቂጡንም አውጡት። ከላይ እንጨት አጋድማችሁ በድንጋይ እየመታችሁ ሦስት ጣት ያህል መሬት ውስጥ አስገቡት። ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ያ ሲሰርግ ሌላ ግማሽ ሊትር ጨምሩና ሰዓት ያዙ። መልሱ ሁለተኛው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ደረቅ አፈር ሁሉ ይጠጣዋል።

ይህንኑ በአቅራቢያችሁ ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥም አድርጉ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከእርሻው መሃል ብቅ ብቅ የሚሉት አረንጓዴ ቦታዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ደኖች ናቸው። ወይራው፣ ጽዱና ኮሶው ሥር ውሃው ዓይናችሁ እያየ ይሰምጣል። ከብት ሲረግጠው የኖረው ተዳፋት ላይ ግን ጣሳው ውስጥ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ለስብሰባ ከሚዘጋጅ ንግግር ሁሉ ይልቅ ይህችን ጣሳ ይዞ ሽማግሌዎችን ዳገት ማውጣት ይሻላል።

ውሃው የሚመጣው ሁልጊዜ ከምንጩ ቀጥታ በላይ ካለው መሬት አይደለም። የድንጋዩ ንጣፍ ወደ ጎን ካዘነበለ ከወዲያኛው ጥግ ሊመጣ ይችላል። የአካባቢውን አዛውንት ጠይቁ። ከስንት ዝናብ በኋላ ምንጩ እንደሚደፈርስና ድሮ ሌላ ዓይን የት እንደነበረ ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከብቱን አስወጡ

ከብት እየገባ የሚሠራ ሥራ ውሃ መውቀጥ ነው። ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፣ ከብት መልቀቅ ይከልከል። የሣሩ ድርሻ የማን እንደሆነ፣ ደንብ የጣሰ ስንት እንደሚቀጣ፣ ጥበቃውን ማን እንደሚከፍል ከአጥሩ በፊት ተነጋገሩ። ከብት ኖሮት መሬት የሌለው ሰው ከስምምነቱ ውጭ ከቀረ ሌሊት ይለቀዋል፤ አይፈረድበትም።

ትግራይ ውስጥ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በዚህ ትጠቀሳለች። ነዋሪዎቿ ተራራውን ከልለው፣ እርከንና ውሃ ማስረጊያ ሠርተው የጉድጓድ ውሃቸውን መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

ውሃ ልኩን ማውጣት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ትሬንቹ፣ ማለትም ዝናቡ ቆሞ የሚሰርግበት ቦይ፣ የሚቆፈርበት መስመር ፍጹም ውሃ ልክ ካልሆነ ውሃው ቆሞ አይሰርግም፣ ወደ አንድ ጫፍ ይሮጣል።

መሣሪያውን ራሳችሁ ሥሩት። ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፋቸውን ገጥማችሁ እሰሩ። እግሮቹን ወደ ሁለት ሜትር ክፈቱና መሃላቸው ላይ አግዳሚ ምቱ። ከላይኛው ቋጠሮ በሲባጎ ድንጋይ አንጠልጥሉ፤ ይህ ቱንቢያችሁ ነው። ድንጋዩ ከበድ ይበል፣ ሲባጎውም አግዳሚውን አልፎ ይውረድ። ባለሙያዎቹ ኤ ፍሬም ይሉታል።

አሁን ማስተካከል። ሁለቱ እግሮች ያረፉበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉ። ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን በቢላ ጫሩ። ከዚያ ፍሬሙን አዙሩት፤ የቀኙ እግር የግራውን ቦታ፣ የግራው የቀኙን ይያዝ። ሲባጎው አሁን የነካበትን እንደገና ጫሩ። የሁለቱ ጭረቶች መሃል ውሃ ልካችሁ ነው። ይህን ዘሎ የአግዳሚውን መሃል በዓይኑ የሚገምት ብዙ ነው። ሁለቱ እንጨቶች እኩል አለመሆናቸውን ግን ዓይን አያይም።

ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል። በአንድ እርምጃ፣ ማለትም በሁለት ሜትር፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትስቱ 50 ሜትር ስትሄዱ ግማሽ ሜትር ትወርዳላችሁ። የትሬንቹ ጥልቀት ራሱ ግማሽ ሜትር ነው! በዘመቻ በአንድ ሳምንት የተቆፈረ፣ ሲያዩት የሚያምር ዳገት አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ ውሃው በአንድ ጥግ ገንፍሎ የሠራው ቦረቦር በሬ ይውጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን እግር የመጀመሪያው ችካል ላይ አቁሙ። ሌላውን እግር ሲባጎው መሃሉን እስኪነካ ዳገቱ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሲነካ እዚያ ችካል ምቱ፣ ፍሬሙን አዙራችሁ ቀጥሉ። ነፋስ ሲባጎውን ስለሚያወዛውዘው ጠዋት በማለዳ ሥሩ። ላይን ሌቭል የሚባለው፣ ሲባጎና ሁለት ዘንግ ያለው ሌላ የውሃ ልክ መሣሪያ፣ ይፈጥናል፣ ግን ሦስት የሚግባቡ ሰዎች ይፈልጋል። የስልክ አፕ የሚሉትን እኔ አላምነውም፤ ስልኩ የሚለካው የተቀመጠበትን እንጨት ጠማማነት ጭምር ነው።

መቆፈርና መትከል

ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱና ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሬንች 750 ሊትር ይይዛል። አፈሩን በታችኛው ወገን ከምሩ። ሁለት ትሬንች ጎን ለጎን ስትቆፍሩ መሃላቸው ያልተቆፈረ መሬት ተዉ፤ አንዱ ቢሞላ ሌላውን ይዞ አይሄድም። የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ክፍተት ትይዩ ይሁን። መሬቱ የተሰነጠቀ ወይም የመንሸራተት ታሪክ ያለው ከሆነ ግን አትንኩት። ውሃ ስታሰርጉበት ዳገቱን ትንዱታላችሁ።

ችግኝ ከማፍላታችሁ በፊት ጉቶ ፈልጉ። ወላይታ ሁምቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራ ያገገመው በዋናነት መሬት ውስጥ የቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ሥርና ጉቶ እንዲያንሰራሩ በመደረጉ ነው። ከጉቶ የሚበቅል ቀንበጥ ሥሩ ቀድሞ አለው፤ ከበጋው ጋር አይታገልም። ከየጉቶው ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ቀንበጥ አስቀሩ፣ ሌላውን ቁረጡ። ጉቶ በሌለበት ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ግራር እንደ አየሩ ትከሉ። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ማውጣት አትርሱ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛውን በጋ ያለፈው ስንት ነው ብዬ ነው።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ጠላቱ አይደለሁም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፤ ዛሬም ለገበሬው እንደ ባንክ ነው። ምንጭ አጠገብና ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ግን አይተከል። በፍጥነት ያድጋል፣ በፍጥነት የሚያድግ ደግሞ አብዝቶ ይጠጣል። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንዞቿን ለማስመለስ ሰው ቀጥራ እንዲህ ያሉ መጤ ዛፎችን ስታስቆርጥ ቆይታለች።

ዛፍ ማብዛትም ልክ አለው። ቡርኪና ፋሶ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከርሰ ምድሩ ይበልጥ የሚሞላው ዛፉ መካከለኛ ሲሆን እንደሆነ አሳይቷል። ጭራሽ ከሌለ ዝናቡ አይሰርግም፣ ጥቅጥቅ ካለ ዛፉ ራሱ ይጨርሰዋል። ያ ደረቅ አገር ነው፤ የኛም ቆላና ወይና ደጋ ግን እየደረቀ ሲሄድ ነገሩ ይመለከተናል።

ከዚያ በኋላ

በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ጀሪካን ለኩ። የዓመቱን ዝናብ ከጎኑ ጻፉ፤ ያለዚያ ዝናቡ የሰጠውን ለእርከኑ፣ ድርቁ የወሰደውን ለዛፉ ትሰጣላችሁ። ወጣት ዛፎች ሲመዘዙ ብዙ ስለሚጠጡ ፍሰቱ ጥቂት ዓመት ቀነስ ሊል ይችላል። ያኔ አትደንግጡ፣ አሳሱት። ደካማና ጠማማ የሆነውን ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መልምሉ። እንጨቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ ቅጠሉን ግን እዚያው መሬቱ ላይ ተዉት።